ብርቱካን የሚደርቅበት ጣሪያ

አቶ ሱሩር አንድ ጠዋት የሱቃቸውን ቁልፍ እንደያዙ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከሚያውቁት ንግግር ሁሉ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታላቸው ነበር፤ «አይሆንም» የምትል።

ውሃ ሲሰጧቸው «አይሆንም» ይሉና ይጠጣሉ። ጋደም በል ሲባሉ «አይሆንም» ይሉና ይጋደማሉ። ከባቲ ወርደው አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፍራፍሬ መሸጥ ከጀመሩ አንስቶ፣ ብርቱካን ሊገዛ የመጣውን ሰው ፓፓያም ሙዝም አሸክመው የሚሸኙት በጨዋታቸው ነበር። ለአንድ ልጃቸው ለሀምዳ፣ ከማይንቀሳቀሰው እጅ ይልቅ የከበዳት የጨዋታው መጥፋት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የሚሞላው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበርና።

ሙእሚን ወደዚያ ቤት የገባው በዚህ ጊዜ ነው። አዋሽ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የደከመን እጅና እግር በእንቅስቃሴ የሚያክም። የመጀመሪያ ቀን አቶ ሱሩር እንዲጨብጡት የጎማ ኳስ ሰጣቸው። እሳቸው በደህናው እጃቸው አነሱና ግቢው ጥግ ድረስ ወረወሩት። ሙእሚን ሳቀ። ከቅርጫት አንድ ብርቱካን አንስቶ፣ ከደነዘ ቢላ ጋር ፊታቸው አስቀመጠ።

«ኧረ እጁን ይቆርጠዋል!» ብላ ሀምዳ ተንደርድራ መጣች።

«ይህ ቢላ ብርቱካን እንጂ እጅ አይቆርጥ። ዕድሜ ልኩን ፍራፍሬ የያዘ እጅ ኳስ ጨብጥ ሲሉት ቢናደድ ይፈረድበታል?» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሀምዳ፣ ቃላቸውን አትስሚ። ከአፋቸው የሚወጣው የልባቸው አይደለም። ዓይናቸውንና እጃቸውን እያየሽ ተረጂያቸው» አለ።

አቶ ሱሩር በታመመው እጃቸው እየታገሉ ቆረጡ። ከዚያን ቀን በኋላ ቢላውን የሚቀማቸው አልተገኘም። የሚቆርጡት አንዱ ጠርዙ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሌላው እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነው፤ ሳህን ሙሉ፣ ትሪ ሙሉ። ማን በልቶ ይጨርሰዋል? ሀምዳ ደግሞ መጣሉ አላስቻላትም። አባቷ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ የለፉበት ነው።

ከሱቁ ጀርባ ያለው የዕቃ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። የሽቦ ወንፊት ዘረጋች፣ ቁርጥራጩን ደረደረችና ከዝንብ እንዲጠበቅ ያረጀ አጎበር አለበሰችው። የመጀመሪያው አልሆነላትም፤ ስሱ ጠቆረ፣ ወፍራሙ ሻገተ። ሁለተኛውን ስሱን ከስሱ፣ ወፍራሙን ከወፍራሙ ለየች። ጭማቂውን በንጹሕ ጨርቅ መጠጠች፣ እየወጣች ገለባበጠች፣ ከባድ መኪኖች አቧራ ሲያስነሱ ሸፈነች። የአዋሽ ፀሐይ የቀረውን ሠራ። አንዱን አንስታ ወደ ሰማይ ስታየው ብርሃን ያሳልፋል፤ የብርቱካኑ ክፍልፋዮች እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦዎች ተለይተው ይታያሉ።

ቀስ እያለች ሎሚና ትርንጎ፣ ሲገኝ ፖም ጨመረች። ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከደረቀ ጽጌረዳ ጋር ደባልቃ በትንንሽ ሳህን ስታደርገው ቤቱን ያውደዋል፤ «የቤት መዓዛ» ብላ ጠራችው። ክብ ክቡን ደግሞ በክር ሰክታ መስኮት ላይ ሰቀለችው። ሙሽሮች አዩት፣ ቤተ ዘመድ አየው፣ ከሰመራ ሳይቀር የሚያዝዝ ተገኘ። አቶ ሱሩር ይቆርጣሉ፣ ሀምዳ ታደርቃለች።

ሙእሚን ሕክምናውን ሲጨርስ «ያንን ብርቱካን ልይ» እያለ መሰላሉን መውጣት አበዛ። አክስቷ ወይዘሮ ኸሊዳ ከታች ከመሰላሉ እግር ሥር ጎመን እየቀነጠሱ ይቀመጣሉ። እሳቸውም ባል ከሞተባቸው ጀምሮ ልጅ ስላልነበራቸው ኑሯቸው ከወንድማቸው ጋር ነው።

«ይሄኛው ደረሰ?»

«ንካው፤ ጣትህ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው።»

ነካው። ተጣበቀ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸውን ያቆሙት እኩል ነበር። ሀምዳ ሻሿን አስተካከለች፤ ያልተዛነፈውን ሻሽ።

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«እሱን ፀሐዩ ነው የሚያውቀው።»

«እኔ አልቸኩልም» አለ፤ ሲናገር ዓይኑ ወንፊቱ ላይ አልነበረም። ሀምዳ ያን ቀን ከጣሪያ ስትወርድ የመሰላሉን እርከን አልረገጥሽውም ብትባል ታምን ነበር።

*

ሙእሚን ወደ ሰመራ ተዛወረ። ሊነግራት የመጣ ዕለት ብርቱካን እየገለበጠች ነበር።

«ሰመራ እኮ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ አስፋልት ነው» አላት።

«ለእኔ ሩቅ ነው። አባቴን ትቼ የትም አልሄድም፣ ሙእሚን።»

«ትተሽው ነይ መች አልኩሽ? እኔ የምልሽ...»

የሚለውን አልሰማችም። እንባዋ ስለቀደማት ፊቷን አዙራ ወረደች። እሱም ቆይቶ ወረደ፤ የአባቷን ግንባር ስሞ ሄደ።

ለትንሽ ጊዜ ይደዋወሉ ነበር። ስለ አባቷ እጅ፣ ስለ ሰመራ ንፋስ፣ ስለ ምንም ነገር። የልባቸውን ግን ሁለቱም ከበውት ያልፋሉ። አንድ ቀን ሀምዳ ብርቱካንና ሎሚ ልታመጣ መልካ ወረር ዋለች። ስትመለስ አባቷን ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። ቢላው ወለል ላይ ወድቋል።

«ምን ሆኖ ነው፣ አክስቴ?»

«ምንም። እንዲሁ ሆድ ብሶት ነው» አሉ ወይዘሮ ኸሊዳ፤ ቀና ብለው አላዩዋትም።

አቶ ሱሩር የልጃቸውን እጅ ያዙ። «አይሆንም» አሉ። ወደ ሰመራ የሚወስደውን መንገድ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አይሆንም፣ አይሆንም!» የደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ተገተረ። ሀምዳ ዓይናቸውን አየች፣ እጃቸውን አየች፤ ሊነግሯት የሚጥሩት ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

በማግስቱ ከሙእሚን መልእክት ደረሳት። «ውሳኔሽን አከብራለሁ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። አባባን አደራ።»

ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ደጋግማ አነበበችው። ውሳኔ ያለው፣ አባቴን ትቼ አልሄድም ያልኩትን ነው አለች በልቧ። አንዴ ከፍቶኝ የተናገርኩትን ይዞ ሄደ። አልቸኩልም ያለው ሰው ይሄ ነው? ልትደውል ስልኳን አነሳች፤ ኩራቷ ያዛትና መልሳ አስቀመጠችው። ያን ዕለት ወንፊቱ ላይ ያለውን ሳትገለብጠው ቀረች።

አቶ ሱሩር ከዚያ ወዲህ ብርቱካን አልቆርጥ አሉ። ሀምዳ ራሷ እየቆረጠች ሥራውን ቀጠለች፤ እኩል እኩል፣ ያማረ። እንደ በፊቱ ግን ደስ አላላትም። አባቷ እህታቸውን ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሚኒባስ ሲያልፍ ከወንበራቸው ሊነሱ ይፍጨረጨራሉ። ቀኝ እጃቸው እንደገና መድረቅ ጀመረ።

*

ንጋትወርቅ የምትባል ሴት ሰመራ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት ነበርና ለየክፍሉ የቤት መዓዛ፣ ለየመስኮቱ የብርቱካንና የትርንጎ ማስጌጫ አዘዘች። ሀምዳ ሥራውን ጨርሳ በካርቶን አሽጋ፣ ልትሄድ በተነሳችበት ጠዋት አባቷ ከክፍላቸው ወጡ። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ለብሰዋል፤ ቁልፉን አዛንፈው ቆልፈውታል። ነጭ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በከዘራቸው እየተጎተቱ ደጅ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

«ወዴት ነው ይሄ ሰው?» አሉ ወይዘሮ ኸሊዳ ደንግጠው። «ውረድ እንጂ ሱሩሬ፤ በዚህ ሙቀት!»

«አይሆንም» አሉ አቶ ሱሩር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉና ፈቃዳቸው አንድ ሆነ፤ ወገባቸውን ይዞ የሚያወርድ ቢኖርም አይወርዱም ነበር።

ሀምዳ ቀርባ የአባቷን የተዛነፈ የሸሚዝ ቁልፍ አስተካከለች። ለእጃቸው የሚሆን ሰው ሰመራ እንዳለ ታውቃለች። እሱ ፊት ለመቆም ከምትሄድ ግን ሌላ ማንኛውንም ነገር ብትታዘዝ ትመርጥ ነበር። «እሺ አባዬ» አለች በመጨረሻ። «ላንተ ስል እወስድሃለሁ።»

አክስቷም ቀርተው ምን ሊሆኑ፤ ተከተሉ። ገዋኔ ላይ ሚኒባሱ ለምሳ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሦስቱ ብቻ መስኮት ዳር ቀሩ። ወይዘሮ ኸሊዳ የተሰጣቸውን ዳቦ ሳይቆርሱ በጨርቅ ጠቅልለው መልሰው አስቀመጡት። ሀምዳ ካርቶኑን ጭኗ ላይ እንደታቀፈች፣ ሳገኘው ምን እለዋለሁ የሚለውን ታሰላስላለች። ምንም አልልም፤ የአባቴን እጅ አሳይቼ እመለሳለሁ። በቃ።

*

ሰመራ ገብተው ካርቶኑን ለንጋትወርቅ ካስረከቡ በኋላ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ሙእሚን በሩን ከፍቶ ሲያያቸው የያዘው ብዕር ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ቀና ሲል ፊቱን አስተካክሎ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ እትዬ ኸሊዳ። ደህና ነሽ፣ እህቴ?»

እህቴ! ያቺ ቃል የሀምዳን ጆሮ እንደ እሳት ላሰችው። በስሟ እንኳ አልጠራትም።

«ደህና ነኝ። የመጣሁት ለአባቴ ነው» አለች። «መቁረጥ ካቆመ ቆይቷል። እጁ እየደረቀ ነው፤ ያለምክንያት ይቆጣል። አንተ... ሐኪሙ አንተ ስለሆንክ ነው።»

ሙእሚን ወንበር ስቦ አቶ ሱሩር ፊት ተቀመጠና ቀኝ እጁን ዘረጋላቸው። «አባባ፣ እስቲ ጨብጡኝ። ባለ በሌለ ኃይልዎ።»

አቶ ሱሩር ዘረጉለት። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ የሙእሚንን መዳፍ ከበቡ። ሙእሚን «ጎበዝ» ብሎ እጁን ሊያነሳ ሲል አልለቀቁትም። አውራ ጣታቸውን ከአውራ ጣቱ ጋር አጋጠሙ። ከዚያ በግራ እጃቸው ነጩን ፎጣ ከትከሻቸው ሳቡና በተያያዙት እጆች ላይ ጣሉት።

ኒካህ ሲታሰር ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የልጅቷ አባትና ሙሽራው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጃቸው ነጭ ጨርቅ ለብሶ።

«አይሆንም» አሉ አቶ ሱሩር፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «አይሆንም... አይሆንም...» ባሉ ቁጥር እጃቸው ይጠብቃል።

ሙእሚን ከፎጣው ቀና አለ። «አባባ፣ ታዲያ ሽማግሌዎቼን ለምን መለሷቸው?»

«የምን ሽማግሌዎች?» አለች ሀምዳ።

ዞሮ አያት። «የላክኋቸው ናቸዋ። አጎቴ ሀጂ አብዱልበሲጥ ሁለት ሰው ይዞ አዋሽ መጥቶ አልነበር? አባትም ልጅም እምቢ ብለዋል ብሎ ነገረኝ። አንቺ መልካ ወረር እንደሄድሽ፣ መልስሽን ግን ትተሽ እንደሄድሽ ነው የሰማሁት።»

«እኔ ሽማግሌ መጣ ሲባል አልሰማሁም። ወላሂ አልሰማሁም!»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ኸሊዳ ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ሀምዳ ቀስ ብላ ዞረች።

«እሱ አይሆንም አለ፤ እንደ ሁልጊዜው። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ‹ወንድሜ ከተናገረ እኔ ምን እጨምራለሁ፤ ልጅቷም ከአባቷ አልለይም ብላለች› አልኳቸው። ብለሽ ነበር እኮ፣ ሀምዳዬ፤ ውሸት አልነበረም...» ድምፃቸው ተሰበረ። «ውሸት ነበር። ሱሩር ሲጮህ፣ ሲያለቅስ፣ እሺ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰዎቹ አልገባቸውም። እኔም ዝም አልኩ። አባትሽንም ይዘሽው እንደምትሄጂ አውቃለሁ። እናንተ ከሄዳችሁ እኔ ለማን ነው ጠዋት ተነስቼ በር የምከፍተው?»

ሀምዳ ልትጮህ አፏን ከፈተች። አባቷ እነዚያን ሁሉ ቀናት እሺ የምትለውን ቃል ፍለጋ ሲታገሉ፣ እሷ የሆድ ብሶት ነው ተብላ ስታልፋቸው! ግን የአክስቷን እጅ አየችው፤ ጭናቸው ላይ ተጣጥፎ፣ አሮጌ፣ የሚይዘው ያጣ። አፏን ገጥማ በሩን ከፍታ ወጣች።

*

ሰመራ እንደ ልማዷ በንፋስ ትገረፋለች። ሀምዳ ከክሊኒኩ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆማ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ሙእሚን ወጥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«አክስቴ ናት የበደለችኝ፤ አንተ ምን አደረግክ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን መራራ ነገር ነበር። እሱም ሰማው።

«ቤት ተከራይቼ ነበር» አለ ቃላቱን እየፈለገ። «ደረጃ የሌለው። አባባ ተደግፈው እንዲሄዱ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ብረት አሳስሬበታለሁ። ለአጎቴ የነገርኩት ይሄን ነበር፤ ልጅቷን ብቻ አይደለም የምንጠይቀው፣ አባቷም አብረው ይምጡ በላቸው ብዬ። ያን ዕለት ጣሪያው ላይ ልነግርሽ የነበረውም እሱን ነበር፤ ሳታስጨርሺኝ ወረድሽ።»

ሀምዳ እንባዋን ጠረገች። ብረት የታሰረበት ግድግዳ ዓይኗ ላይ መጣ፤ ልቧ ሊቀልጥ ደረሰ። ግን አንድ ነገር አልለቅ አላት።

«ለአባቴ ብረት አሳሰርክ፤ አላህ ይስጥህ። አጎትህን ላክህ። አባቴ ተጠየቀ፣ አክስቴ ተጠየቀች። ሙእሚን፣ እኔን የጠየቀኝ ማነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ስልክ ቁጥሬ በእጅህ ነበር። እምቢ አለች ሲሉህ፣ እውነት ነው ወይ ብለህ መደወል አቃተህ? ስለ አባቴ ‹ቃላቸውን አትስሚ› ያልከኝ አንተ ነህ። የእኔን ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተህ አመንክ።»

«ፈርቼ ነው» አለ። ሰበብ አልፈለገም። «ብደውልልሽና እምቢታውን በራስሽ ድምፅ ብትነግሪኝ... እሱን አልችለውም ነበር። ከሌላ ሰው መስማት የሚቀል መሰለኝ። አልቀለለኝም፣ ሀምዳ። አንድም ቀን አልቀለለኝም።»

ስሟን ጠራት። ንፋሱ ሻሿን ሲያንቀሳቅሰው አላስተካከለችውም። ፊቱን አየችው፤ ከስቷል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። እሷ ጣሪያ ላይ ስትከስል፣ እሱም እዚህ ሲከስል ከርሟል። ለካ አንድ ዓይነት ሐዘን ነበር፤ በሁለት ከተማ።

«አክስቴን ገና ይቅር አላልኳትም» አለች ድምፅዋን አለዝባ። «ግን ብቻዋን አልተዋትም። እንድታውቀው ነው።»

«ቤቱ ለአራት ሰው ይበቃል።»

«እኔም ሥራዬን አልተውም።»

«የሰመራን ፀሐይ አላየሽውም? አዋሽን ያስንቃል።»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ አመለጣት። ወዲያው ተቆጣጠረችው። «እንግዲያው ጠይቀኝ» አለች። «አሁን። ሽማግሌ የለም፣ ሀጂ የለም። አንተ ራስህ።»

ሙእሚን አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ሀምዳ ሱሩር» አለ። «ታገቢኛለሽ?»

በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አንዲት አፋር እናት የተሸፋፈነ ልጇን ታቅፋ ወደ እነሱ ታያለች። በተከፈተው መስኮት አባቷ ከወንበራቸው ሆነው፣ ፎጣው ጭናቸው ላይ ወድቆ፣ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ከኋላቸው ወይዘሮ ኸሊዳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ሀምዳ ማንንም አላፈረችም። እስከዛሬ ስለ እሷ ሁሉም ተናግሯል፤ አሁን ተራው የእሷ ነው።

«እሺ» አለች።

አልበቃትም። «እሺ፣ ሙእሚን። እሺ!» አለች ከፍ አድርጋ፤ በመስኮቱ ውስጥ ላሉት፣ በረንዳው ላይ ለተቀመጡት፣ ለራሷም እንዲሰማ አድርጋ። አፋሯ እናት ምን እንደተባባሉ ባታውቅም ፈገግ አለችላት። ሀምዳ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈታ ተሰማት፤ ትንፋሿ እስከ ታች ድረስ ወረደ። ግድግዳውን ተደገፈች። ሙእሚንም አጠገቧ ተደገፈ። ንፋሱ እየገረፋቸው፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ቆሙ። ከሁለቱ አንዱም ቀድሞ ለመግባት አልፈለገም።